ማስመሪያ የሚይዝ ኪስ

ልብስ ሰፊዋ በጠዋት ለልጇ ደወለች። «ከሥራ ስትወጣ በስፌት ቤቱ በኩል እለፍ። ለሚስትህ የራሷን መላ ፈልግላት፤ እኔስ በቃኝ» አለችው። ምን ሆነሽ ነው ሲላት፣ «ስትመጣ» ብላ ዘጋችበትና ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች።

ያ ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ሟች ባሏ ሥራ ስትጀምር የገዛላት ነው። ሰፈርተኛውም በስሟ አይጠራትም፤ «ሜትሯ» ነው የሚላት። ሃያ ዓመት ስትለካም ስትቆርጥም በእሱው ነበር፤ ጠበበኝ ሰፋኝ ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አልነበራትም። እጇ መድከም ሲጀምር ግን መለካቱን ለራሷ አስቀርታ መቁረጡን ለምራቷ ለቀቀችላት። በመጣችበት ቀን መቀስና አዲስ ሜትር ሰጥታ፣ ግንባሯን ስማ ነው ያስቀመጠቻት።

ልጅቷ የቆረጠችው የመጀመሪያው ኮት ጠቦ ተመለሰ። ሰፊዋ «ገና ጀማሪ ናት» ብላ አለፈችው። ከዚያ ወዲህ የተመለሰ ልብስ የለም። አንድ ቀን ግን በልብስ መለኪያው መጋረጃ ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ፣ ዘጠና ስድስት ብላ የነገረቻትን ደረት ምራቷ ዘጠና ስምንት ላይ በጠመኔ ስታሰምር አየች። በማግስቱም እንዲሁ፣ ሁለት ጨምራ። ሰፊዋ ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ ንቃታለች። ዛሬ ልኳን የናቀች ነገ ደንበኞቿን ይዛ የራሷን ቤት ትከፍታለች።

ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ምራቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ለእኔ እንኳ እንዲህ ተነስታ አታውቅም» አለች ሰፊዋ በሆዷ። «ደንበኛ ማግባባቱንማ ታውቅበታለች!»

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሰደርያ ፈልጌ ነበር። በውስጥ በኩል ረዘም ያለ ኪስ ይኑራት፤ ይህቺ የምትገባበት።» ከብብታቸው የእንጨት ማስመሪያ አወጡ።

«ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተው ማስመሪያ ምን ያደርግልዎታል? ቤት ውስጥ የሚገረፍ ተማሪ አለ እንዴ?»

«ልማድ ነው እህቴ። አንቺስ ሜትርሽን ተኝተሽም አታወልቂው የለ?»

ሰፊዋ ሳቀች። ደረታቸውን ለክታ ወደ ምራቷ ጮኸች፤ «ዘጠና ስድስት! ዘጠና ስድስት ነው ያልኩት፣ ሰምተሻል?»

«እሺ እማዬ» አለች ምራቷ፣ ቀና ሳትል።

«የማስተምረው ፍልስፍና ነበር» አሉ መምህሩ፣ ወገባቸውን ለማስለካት እጃቸውን ከፍ አድርገው። «ለመሆኑ ቀኖና ማለት ምን ይመስልሻል?»

«ሥርዓት ነዋ። ሕግ። ይህን ማን ያጣዋል?»

«ቃሉ የመጣው ከግሪክ ነው፤ ካኖን ከሚሉት። በመጀመሪያ ግን ሕግ አልነበረም። ዘንግ ነበር፤ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት ዘንግ። ከዚያም በፊት ሸምበቆ ነበር ይላሉ። በኋላ ፈላስፎቹ ከግንበኛው እጅ ተቀበሉት። እውነትን ከሐሰት የምንለይበት መለኪያ ምንድን ነው እያሉ ሲከራከሩ፣ ያንን መለኪያ ካኖን አሉት።»

የምራቷ ከንፈር ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰፊዋ ልኩን እንዳትረሳ ለራሷ የምትደግም መሰላት።

«ዘንጉ ራሱ ቢጣመምስ?» አለች ሰፊዋ፣ ለጨዋታ ያህል።

መቀሱ ቀጥ አለ።

«እህ!» አሉ መምህሩ። «ዘንጉ የተጣመመበት ግንበኛ ብቻውን ሲሠራ ምንም አይታወቀውም። ጉድ የሚፈላው ሌላ ግንበኛ ሌላ ዘንግ ይዞ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ይጣላሉ።»

«ሥራ የፈቱ ሰዎች!» አለች ሰፊዋ እየሳቀች። የኪሱን ልክ ለመውሰድ ማስመሪያውን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ሜትሯን ዘረጋችበት። ማስመሪያው ሠላሳ ብሎ ሲያበቃ፣ ሜትሯ ሃያ ዘጠኝ ተኩል እንኳ አልሞላም።

«ጋሼ፣ ማስመሪያዎን ምስጥ በልቶታል!»

«ይሆናላ። የእንጨት ነገር።»

«ቆይ ላሳይዎት። አንቺ፣ እስቲ ያንቺን ሜትር አቀብይኝ።»

አዲሱ ሜትር ከማስመሪያው ጋር ልክ ገጠመ። ሰፊዋ ሁለተኛ ለካች። ከዚያ ሁለቱን ሜትሮች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የእሷው ረዝሟል። ሃያ ዓመት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በስንቱ ወገብና ደረት ዙሪያ ተስቦ፣ እንደ አሮጌ ላስቲክ ተለጥጧል። ዘጠና ስድስት እያለች የጮኸችው ሁሉ ዘጠና ስምንት ኖሯል።

መምህሩ በቀስታ «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። ማስመሪያቸውን ረስተዋል።

«ታውቂ ነበር?» አለች ሰፊዋ።

«ከመጀመሪያው ኮት ጀምሮ።»

«ታዲያ አፍ የለሽም?»

«የአባባ ማስታወሻ ነው እማዬ። ተበላሽቷል ብዬ በየት አፌ ልንገርሽ?»

ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው። አንገቷ ራቁቱን የቀረ መሰላት።

«ባልሽን ጠርቼዋለሁ» አለች። «ከዚህ ቤት ይውሰድሽ ልለው ነበር። ይቅር በይኝ ልጄ። እኒያን ሰውዬ እግዜር ባይልክልን ኖሮ፣ አንቺንም ልጄንም ማጣቴ ነበር።»

ምራቷ ከወለሉ ላይ ክር ለማንሳት ጎንበስ አለች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

ወደ ማምሻው ልጇ ፊቱን አጨፍግጎ ገባ። «እሺ፣ ምን ተፈጠረ እማዬ?»

«ምን ይፈጠራል? ሚስትህ ከእኔ የበለጠች ሰፊ ናት ልልህ ነው።»

ልጇ እናቱንም ሚስቱንም አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ማስመሪያውን አንስቶ እያገላበጠ ፈገግ አለ።

«እንዴ፣ የሚስቴ አስተማሪ ዛሬ ነው የመጡት? ያን የዘንግ ጨዋታ ሳምንቱን ሙሉ እኮ እኛ ቤት ከእሷ ጋር ሲለማመዱት ነው የከረሙት!»