አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ኤሌክትሪሺያኑና እኔ። ኤሌክትሪሺያኑ በርከክ ብሎ የመጀመሪያውን ሶኬት በካቻቢቴ እየፈታ ነው። አባቴ ከኋላው ቆሟል፤ ልጁን ፈተና ያስገባ ሰው ይመስላል።

“ዋናውን ሥራ ጨርሼዋለሁ” አለው። “ለአንተ የቀረህ ከቆጣሪው ጋር ማገናኘትና መፈረም ብቻ ነው።”

“እሱማ ቀላል ነው አባባ። ግን ከፈረምኩ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል የምጠየቀው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ከፍቼ ሳላይ አልፈርምም።”

“ክፈት፣ ክፈት። የተደበቀ ነገር የለም።”

“ኢንጂነራችንን አደራ እንዳታስቀይምብኝ” አለች እናቴ ከበሩ። “ስንት ቅዳሜና እሁድ እዚህ ፈጀ መሰለህ። ከእኔ ይልቅ ከዚህ ግድግዳ ጋር ሲያወራ ነው የከረመው።”

“ግድግዳው መልስ አይመልስልኝማ” አለ አባቴ።

ክፍሏ የተሠራችው ለእናቴ ነው። የስፌት ማሽን የሚያከራያት ሰው፣ ባለሙያ የፈረመበት ወረቀት ካላየ አንድም ማሽን እንደማያመጣ ነግሯታል። ኤሌክትሪሺያኑ “ይፍረስ” ካለ ደግሞ ሽቦው ሁሉ ከግድግዳው ሊወጣ ነው። አባቴ ሲጨንቀው ወሬ ያበዛል።

የመጀመሪያው ሶኬት ደህና ነበር። “እጅዎ ንጹሕ ነው” አለው ኤሌክትሪሺያኑ፤ አባቴም ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሳልኝ። ሁለተኛውን ሲከፍት ግን ሰውየው ጠጋ ብሎ አየ። ሦስተኛውን ከፈተ። ከዚያ ተነስቶ ዋናውን ሳጥን ከፈተና መለኪያውን እያስነካ ቆየ።

“አባባ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በቀዩ ሽቦ ነው አይደል? አረንጓዴው ወደ መሬት የሚገባው ነው።”

“አዎ። ማን ያጣዋል?”

“እዚህ ግን ተገላብጧል። አረንጓዴው በቀዩ ቦታ ገብቷል። የሚገርመው በዚያኛውም ጫፍ እንደዚሁ ነው የተገለበጠው፤ ስለዚህ መብራቱ ይሠራል። ነገ ሌላ ሰው አረንጓዴ ነው ብሎ ተማምኖ ቢነካው ግን አለቀለት።” ሽቦዎቹን ወደ ብርሃን ጎተት አደረጋቸው። “ይሄ ክር ደግሞ ምንድን ነው?”

ነጭ የስፌት ክር ነበር። በአንደኛው ሽቦ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በሌላኛው ላይ ሁለት። የሌሎቹም ሶኬቶች ሽቦ እንደዚሁ ታስሯል።

“ቀለም እያለው ክር ለምን ይታሰርበታል?” አለ ኤሌክትሪሺያኑ። ሊያሽሟጥጥ አልነበረም፤ የምር ግራ ገብቶት ነው።

አባቴ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው።

“እኔ ነኝ” አለች እናቴ። “ሽቦውን እየቆረጥኩ ሳቀብለው የነበርኩት እኔ ነኝ። ቀዩንና አረንጓዴውን ደበላለቅኩበት። ክሩንም ያሰርኩት እኔው ነኝ፤ እጄ ሥራ መፍታት አይወድም።”

“እትዬ፣ እርስዎ ከሽቦ ይራቁልኝ። ክር ይበቃዎታል።”

“እሺ ልጄ። ሁለተኛ አልነካም” አለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ተቆጡት ልጅ።

እኔ እናቴን አየኋት። ሁለት ጥቁር ክር ጎን ለጎን ይዛ “ይሄኛው ወደ ሰማያዊ ያደላል” ብላ ለባለሱቁ የምትመልስ ሴት ናት። እሷ ቀለም አትደባልቅም።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባቴ ገበያ ይወስደኝ ነበር። ቲማቲሙ ፊት ይቆምና “እስቲ አንተ ምረጥ፤ የበሰለው የቱ ነው?” ይለኛል። ስመርጥለት ራሴን እየዳበሰ “አንበሳ” ይለኝ ነበር። ሊያስተምረኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቀዩን ከአረንጓዴው በእኔ ዓይን ሊለይ ኖሯል፤ ክሩንም ያሰረው እሱ ነው።

“አይፈርስም፤ አይስጉ” አለ ኤሌክትሪሺያኑ። “የተገለበጡትን ከሁለቱም ጫፍ ፈትተን ቦታቸውን እናለዋውጣለን። እኔ በሶኬቶቹ በኩል ልሥራ፤ እርስዎ ሳጥኑ ጋ ሆነው ያለቦታቸው የገቡትን አረንጓዴዎች ይፍቱልኝ።”

ካቻቢቴውን አቀበለው። አባቴ ሳጥኑ ፊት ቆመ። ሽቦዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። እጁን ወደ አንዱ ሰደደና መለሰው።

“መነጽሬን ቤት ትቼው” አለ።

አባቴ መነጽር ኖሮት አያውቅም። እናቴ ከበሩ ልትነቃነቅ ስትል እኔ ቀደምኳት። ሰው ባለበት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ምንም ሳልል ከጎኑ ቆምኩና ጣቴን የመጀመሪያው አረንጓዴ ሽቦ ላይ አሳረፍኩ።

አባቴ ጣቴን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሽቦውን ፈታው። ጣቴን ወደሚቀጥለው አዛወርኩ፤ እሱንም ፈታው። ትከሻው ትከሻዬን ይነካል።

“ይሄ ልጅዎ ሥራ ይወዳል ልበል?” አለ ኤሌክትሪሺያኑ ቀና ሳይል።

“አይናገርም እንጂ” አለ አባቴ፤ ድምፁን ጠረግ አድርጎ፣ “ሁሉንም ያያል።”

ከምሳ በኋላ ሰውየው መስመሩን ከቆጣሪው ጋር አገናኘ፤ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እንደገና ፈተሸና ፈረመ። ሰኞ ማሽኖቹ ገቡ።