ምልዓተ ጉባኤ

«ሰዎቹ ዛሬም አልመጡም?» አለች የነዋሪዎች ማህበሩ ጠበቃ በስልክ።

የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ውብሸት ባዶ ወንበሮች መሃል ቆመው ፀጉራቸውን ሊነጩ ደርሰዋል። ምድር ቤት ያለው ዳምጠው ሱቁን ላስፋ ብሎ ፎቁን የተሸከመውን ግድግዳ እያፈረሰ ነው፤ ከላይ ያለው ቤት ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ከግማሽ በላይ ነዋሪ ተሰብስቦ ካልወሰነ ግን ማህበሩ ሊከሰው አይችልም።

«ጋሼ፣ በቃ በምንም ይሁን በምን ሰዉን ይሰብስቡልኝ!»

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ድንኳን አስተከሉ። ወይ ጉድ! ወዲያው ጢም አለ። ስብሰባ ሲባል በሩን የሚዘጋው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከች! ጋሽ ውብሸት ደስ ብሏቸው ሊናገሩ ሲነሱ፣ ዳምጠው ራሱ እያለቀሰ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ።

«ጋሼዬ፣ ማን ሞተብን?»

ድንኳን ሙሉ ሰው መልሳቸውን ይጠብቃል። እናንተ ብትሆኑ ማንን ትገድሉ ነበር?