አሥረኛዋ ጉጉት

በ1950 ዓ.ም. አንድ ፈረንጅ የወፍ አጥኚ ኮሶዬ ላይ ሁለት ገበሬዎች ቀጠረ። ሥራቸው በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ረጅም ጆሮ ያላቸውን የደጋ ጉጉቶች በጩኸታቸው መቁጠር ነበር። አድማሴ በገደሉ አፋፍ፣ ውዱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ባለው ጫካ ይቆሙ ነበር።

የጉጉትን ድምፅ ለውዱ ያስተማረው አድማሴ ነው። ሆኖም የአድማሴ ጉጉቶች በየዓመቱ ሲቀንሱ የውዱ አንድ አንድ እየጨመሩ ሄዱ። ፈረንጁም በሰው ፊት «ውዱ ሸጋ ጆሮ አለው» አለ። ያን ዕለት አድማሴ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

በአራተኛው ዓመት የራሱን ቦታ ትቶ ወንዙን ተሻገረና ከውዱ ጀርባ፣ ጥድ ሥር አደፈጠ። «ውሸቱን ዛሬ በጆሮዬ እሰማለሁ» አለ በልቡ።

ጉጉቶቹ ግን በእርግጥ ጮኹ። አድማሴ በጣቱ ቆጠረ፤ ዘጠኝ ሆኑ። ይህ የውዱ የአምናው ቁጥር ነው። ከዚያ ጫካው ዝም አለ። ዘንድሮስ አልጨመረለትም ብሎ ደስ አለው።

ውዱ እርሳሱን እንደያዘ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ምነው አትሄድም፣ ሌላ የለም እኮ» ሊለው አድማሴ አፉን ከፈተ። ከጉሮሮው የወጣው የጉጉት ጩኸት ነበር። ደንግጦ ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው።

ውዱ ዞር ብሎ አላየም። ወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት ጨመረና ረጋ ብሎ ተናገረ።

«አሥር። እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ አድማሴ።»