የመላጫ ሰዓት ዜማ

«ሲራክ እኮ መቶ ዜማ ደብቆ ነው የተቀመጠው!» ትላለች ጎረቤታቸው አልጋነሽ፣ ውኃ ስትቀዳም ልብስ ስታሰጣም። ጊታር የምትማረው ትንግርት ይህን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። አንድ ዜማ በሁለት ሰው ራስ ማደር ካቆመ ወዲህ፣ የሌላውን ዜማ ሳይስት የደገመ ይወስደዋል፤ ባለቤቱ ይረሳዋል፣ ዳግመኛም አይማረውም። በጊታር የራስን ዜማ ለመድረስ ደግሞ አስቀድሞ የሌላ ሰው ዜማ መቅዳት የግድ ነው። ጋሽ ሲራክ ከልጅነቷ ጀምሮ ብዙ ሰጥቷት ነበር፤ ዘንድሮ ግን እጁን ሰበሰበ።

«አንድ ብቻ፣ ጋሼ!»

«ይበቃሻል። አሁን የራስሽን ድረሺ።»

«ከባዶ ድስት ወጥ ይጨለፋል?»

«ምነው ጣትሽ የምላስሽን ያህል በፈጠነ!» ብሎ እየሳቀ ገባ።

«ስስታም!» አለች በሩ ሲዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጋሽ ሲራክ እንደ ልማዱ ጢሙን እየተላጨ ሲያፏጭ፣ ጊታሯን ይዛ ከቤቱ ውጭ ግድግዳው ሥር ተቀመጠችና ተከተለችው። ሳተች፣ ጊታሩን ረገመች፣ እንደገና ጀመረች፤ በመጨረሻ ሳትስት ዘለቀችው። ፉጨቱ መሐል ላይ ተቆረጠ። እሷ ግን መች ሰማች! ዜማውን ገልብጣ፣ ሰባብራ፣ ምሳ ሳይደርስ የራሷን ወለደች። እንዴት እንደሚያምር!

ልታሰማው እየተንጎራደደች ስትገባ፣ ሚስቱ ዘነበች ፊቱ ላይ የደረቀውን አረፋ በፎጣ እየጠረገችለት ነበር።

«ምላጩን እንደያዘ ፈዞ ቀረ» አለቻት። «ሌላ አፏጭ እንዳልለው፣ ሁሉንም ላንቺ ሰጥቶ ለራሱ ያስቀረው ያቺን ብቻ ነበር።»