መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ

«የልቦለዱ መስፍን እኮ የደራሲዋ የራሷ ፍቅረኛ ነበር አሉ፤ የኖረችውን ነው የጻፈችው» እያለች የዊትሎው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለገባው ሁሉ ስትደጋግም፣ ሞሪን መጽሐፍ ለማስፈረም ሰልፉ ላይ ቆማ ጥርሷን ነከሰች። ያን የጥንት ዘመን የፍቅር ልቦለድ በአሥራ ስድስት ዓመቷ አንብባዋለች። የሴት «እምቢ» መሽኮርመም ነው ብላ ያመነችው ከዚያ ነው፤ በዚያው እምነት ያገባችው ኬኔትም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እምቢታዋን ሳይሰማ ኖረ።

ሰማንያ ያለፋቸው ደራሲዋ ሚስ ፔንሮዝ አዲሱን እትም ሊፈርሙ እስክሪብቶ አነሡ። ሞሪን ግን የተገነጣጠለውን አሮጌ መጽሐፏን ፊታቸው ዘረጋች።

«ፊርማው ይቅርብኝ። ይችን ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

«መነጽሬን የት እንዳደረግሁት...»

«አፍንጫዎ ላይ ነው።»

አነበቡ። በገጹ ላይ ልጅቷ «እምቢ» ብላ አለቀሰች፣ ገፈተረችው፤ መስፍኑ ሳቀና በሩን ቆለፈ። ከኋላ አንዲት ወጣት «ይሄ ነው እንግዲህ ፍቅሩ?» ብላ የያዘችውን አዲስ ቅጂ ክምሩ ላይ መለሰች። ሌሎቹም እየመለሱ ወጡ። ሞሪን የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድሏን እንደ ከረሜላ እያጣጣመች ጠበቀች።

ሚስ ፔንሮዝ ገጹን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«እኔ የጻፍኩት መስፍን» አሉ፣ «እምቢ ስትለው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ይህን ገጽ የጻፈው አሳታሚዬ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ አይሸጥም ብሎ። እኔ ያየሁት ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው።»