የዘኪያ ላምና የማሽላው ጥላሸት

ወላሂ፣ በዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት የለችም፤ የማያምን ድንበር ተሻግሮ ዶካ ድረስ መጥቶ ላሟን ራሷን ይጠይቅ። ከንጋት ጀምሮ ጣሳ ይዤ ከዘኪያ ላም ኋላ ቆሜያለሁ። ፀሐይ አናቴ ላይ ወጥታለች። ላሟ አንድ በርሜል ውሃ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች። ሽንት የሚባል ግን የለም።

አፏጨሁላት። ድምፁን ሰምታ እንዲመጣላት ብዬ ውሃ ከጣሳ ወደ ጣሳ ገለበጥኩ። የመጣው የእኔ ነው። ከጥግ ስመለስ መሬቱ ርሷል! እሷ ደግሞ ምንም እንዳላደረገች ታመነዥካለች።

«አንተ ሉጥፊ፣» ትላለች ዘኪያ ደጇ ላይ ሆና፣ «እንዲህ ሰው አፍጥጦባት እንዴት ትሽና? አንተስ ይሆንልሃል?»

«እትዬ ዘኪያ፣ ላምሽ ሰይጣን ናት።»

«ሰይጣኑስ ጣሳ የያዘው ነው።»

ከማሳው በኩል ሙሐመድኑር የትራክተሩን ጡሩምባ ይነፋል። ተራችን ዛሬ ነው። ዛሬ ካልዘራን ወደ ሌላ ሰው መሬት ይሄዳል፤ እስኪመለስ ይሄ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ እግር አያስገባም። ያለን ዘር አንድ ጆንያ ነው፤ እሱም ካምናው ማሳ የተለቀመ።

ያምናውን ማሽላ ባያችሁት! ቁመቱ ግመል ከነጋላቢው ይውጣል። ራሱን ጨበጥ ስታደርጉት ግን ጥቁር ዱቄት ቡን ይላል። አረማሞ የሚሉት የማሽላ በሽታ ነው! ፍሬ መሆን የነበረበት ሁሉ ጥላሸት። ማሳውን እኩል የማርሰው ከጋረደው ጋር ነው። ልጁ ፅናት በዚያ ጥላሸት ምክንያት ትምህርቷን ትታ ገዳሪፍ ከተማ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።

ጋረደውን ዛሬ ወባ ጥሎታል። ከዘኪያ የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ስር፣ የገመድ አልጋው አንገረብ ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። የላም ሽንት ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ዘሩን እዚያ ውስጥ መዘፍዘፍ ያባቱ ሙያ ነው፤ ከቋራ ይዞት የመጣ።

«አረማሞ እኮ የዘሩ ልብስ ላይ ነው የሚለጠፍ፣» ይላል ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ዘሩ ሲበቅል አብሮ ይገባል። ከገባ በኋላ ማን ያየዋል? ድምፁን አጥፍቶ ከአገዳው ጋር ያድግና ፍሬ ላይ ሲደርስ ይበላዋል። እኔ ወባ ሲገባብኝ ገላዬ ይነድዳል፤ ትኩሳቱ ውጊያው ነው ብሎኛል ሃኪሙ። ማሽላን ምን ያተኩሰዋል? ገና ላዩ ላይ እያለ ካልገደልክለት አለቀ።»

«ለላሟ ንገራት እንጂ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ!»

ጡሩምባው እንደገና ይጮኻል። ጋረደው «ተወው፣» ይላል። «ደረቁን ይዘራ።»

«ምን?»

«አምናስ ዘፍዝፈነው አልነበር? ምን አተረፈልን? አባቴም ሞኝ፣ እኔም የሞኝ ልጅ። ሽንት ተማምኜ ልጄን ሰው ቤት የከተትኳት እኔው ነኝ። በል ጆንያውን ወስደህ ለሙሐመድኑር ስጠው። ኸላስ፣ አበቃ!»

ጆንያውን ትከሻዬ ላይ አደርገዋለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ፤ ሦስተኛው እምቢ ይለኛል።

«ጋረደው፣ አምና ሽንት አልነበረም።»

«ምን አልክ?»

«ይቺው ላም አስመረረችኝ። የጉድጓድ ውሃ ላይ ሻይ ጨመርኩበት። አንተም አሽትተህ ‹ጎሽ፣ ጠንካራ ነው› አልክ። ዘርተን ስንጨርስ ነግሬህ ልንስቅ ነበር። ከዚያ ረሳሁት። ማሽላው ሲጠቁር ደግሞ ምን ብዬ ልንገርህ?»

  ወዲያው ዘኪያ፣ «ሉጥፊ! ጣሳህን!» ብላ ጮኸች።

ወላሂ፣ እንደ ክረምት ዝናብ ወረደ! ጣሳው ሞላ፣ ባልዲው ሞላ፣ የተረፈው የዘኪያን ሁለት ዶሮዎች ይዞ ሄደ። ዘሩን ዘፈዘፍነው። ሙሐመድኑር አፍንጫውን በጥምጥሙ አፍኖ፣ እኔን እየረገመ ዘራው። ጋረደውም ካንገረቡ ቀና ብሎ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀና «አይ ሉጥፊ፣ አንተስ ጉድ ነህ!» አለኝ።

ላሟም እውነት ናት፣ ዶሮዎቹም እውነት ናቸው። ከራሴ የጨመርኩት ሳቁን ብቻ ነው፤ ጋረደው አልሳቀም። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ብዙ ቆይቶ፣ ከጋቢው ውስጥ፣ «ለፅናት አንተው ንገራት» አለኝ።