ካርዶቹ ሲዋሃዱ

የክሊኒኩን ቅርንጫፎች የታካሚ ካርድ የሚያዋህደውን የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ያውም ማንም ሳያስተምራት።

«ሞኖይድ ይሉታል» አለችው አዲሱን ባልደረባዋን፣ አፏን ሞልታ። «ካርዶቹን እንደፈለግክ ከፋፍለህ ብታዋህድ ውጤቱ ያው ነው። ባዶ ካርድ ቢጨመርበትም ያለውን አይነካም።»

«ባዶውን ሞክረሽዋል?»

«ባዶ ምኑ ይሞከራል? ዲግሪህን የተሸከምከው ለዚህ ነው?» አለችና ፕሮግራሙን ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ለቀቀችው።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ደወለችላት።

«ጉሮሮዬን አሞኝ አዲሱ ቅርንጫፍ መጣሁ። ምንም ያልተጻፈበት ካርድ ከፈቱልኝና ከድሮው ጋር አዋሃዱት።»

«እማዬ፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማሽ አዩ?»

«ነገርኳቸው እኮ። ኮምፒውተሩ ላይ የለም አሉኝ። እኔም ልጄ የሠራችው አይሳሳትም ብዬ ተወጋሁ።»